ቀይ ሻሽ

እኔ ዓይኔን ሳልከድን ነው የምተኛው። ይህን ስናገር ሰው ጉራ ይመስለዋል፤ ውነቴን ነው። ዓይኔ ከጉድጓዱ ወደ ውጭ እየገፋ እየገፋ ሄደና ቆቡ አላዳርስ አለው። እንዳጠረ ብርድ ልብስ፣ ወዲህ ሲጎትቱት ወዲያ ይጎድላል። እንቅልፍ ወስዶኝ እያንኮራፋሁ ዓይኔ ጣራ ጣራውን ያያል። ትንሿ የልጅ ልጄ እፊቴ ትመጣና እጇን እያወዛወዘች፣ አኮ ተኝተሻል ነቅተሻል ትለኛለች። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ነቅቼ ከሆነ ዝም እልና እጇ ሲቀርብ አፌን ከፍቼ ቀም አደርጋታለሁ። እየጮኸች ትሮጣለች፣ ተመልሳ ደግሞ ትመጣለች።

በዚህ ዓይኔ የተነሳ በልጄ ቤት እኔን ማማት አይቻልም። ልጄና ባሏ የምስጢር ወሬ ሲኖራቸው ደጅ ወጥተው ከአጥሩ ጥግ ቆመው ነው የሚያወሩት፤ የተኛሁ ይሁን የነቃሁ ማን ያውቃል። እኔም ቤታችሁን የሚጠብቅ ውሻ በነጻ አገኛችሁ እያልኩ እስቅባቸዋለሁ። አንድ ሰሞን ደጅ መውጣት አበዙ። ያን ጊዜም ሳቅኩ።

እንቅርቱ የቤተሰብ ነው። እናቴም ነበረባት፣ ታናሽ እህቴም ነበረባት። በድርቁ ጊዜ ከወሎ ተነስተን ኪራሙ ስንሰፍር፣ እናታችን ይዛው ከመጣችው ንብረት ሳይጠፋ የደረሰው እንቅርቷ ብቻ ነው ብለን እንስቅ ነበር። እኔና እህቴ ደግሞ አንዲት ስባሪ መስተዋት ፊት ተጋፍተን እንቆምና የማን ይበልጣል እንባባላለን። ያንቺ ሎሚ ነው፣ የኔ ትርንጎ ነው ትለኛለች። ታናሽ ናትና በሌላ በምንም አትበልጠኝም፤ በእንቅርት እንኳ ልብለጥሽ ማለቷ ነው። እኔም ይሁንልሽ፣ ይብለጥልሽ እላታለሁ።

ልጄን ያሳደገችልኝ እሷ ናት። ወልጄ ታምሜ ስተኛ እሷም አራስ ነበረችና፣ የራሷን በአንድ ጡት የኔን በአንድ ጡት አድርጋ አጠባቻት። ልጄ አፏን ስትፈታ መጀመሪያ እማዬ ያለችው እሷን ነው። እኔ ኋላ የተገኘሁ ነኝ።

አገሩ ሲታወክ ልጄ መጥታ ነቀምት ወሰደችኝ። ባኬ ጃማ የሚባል ሰፈር ነው ቤታቸው። ባሏ የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ አስተማሪ፤ ጴንጤ ነው፣ ድምፁ ለስላሳ። ሃርሜ ይለኛል፣ እናቴ ማለቱ ነው። ገና በገባሁ ሰሞን፣ ሃርሜ ምን ላድርግልሽ ሲለኝ፣ መጀመሪያ ጮክ ብለህ ተናገር፣ አንተ ልጅ፣ ሴትን እንዲህ በሹክሹክታ ነው እንዴ ያገባኻት አልኩት። ከዚያ ወዲህ ተዋደድን። እህቴ ግን አልመጣም አለች። ከብቶቼን ለማን ትቼ፣ ልጆቼስ ብላ ኪራሙ ቀረች። መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ድምፅ ብቻ ሆንን፤ ስልክ ሲኖር በስልክ፣ ሳይኖር ደግሞ እኔ ብቻዬን ሳወራት እውላለሁ።

በሽታው በልብ ነው የጀመረኝ። ልቤ ያለ ሥራው ይደልቃል። እበላለሁ፣ እከሳለሁ። በዚያ በነቀምት ዝናብና ብርድ እኔ ላብ በላብ ነኝ። ወጥ ላይ ጨው ልበትን ስል እጄ ይንቀጠቀጥና ግማሹ መሬት ላይ ነው። አማቼ ሆስፒታል ወሰደኝ፤ ደም ቀዱ፣ ዶክተሩ ውጤቱን አየና እናቴ እንቅርትሽ ከልኩ በላይ እየሠራ ነው አለኝ። ዕድሜ ልኩን አንገቴ ላይ ተቀምጦ ሥራ ፈት የኖረ፣ እኔ ሳረጅ ነው ሥራ የጀመረው አልኩት። ሳቀ። ኪኒን ሰጠኝ። በየቀኑ እየዋጥኩ ልቤ ተመለሰ፣ ሥጋም ያዝኩ፣ ሁላችንም ተፈወሰች አልን።

ዓይኔ ግን እየወጣ ሄደ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሉ የለ፣ የኔስ በእንቅርት ላይ ዓይን ነበረ። ይቀላል፣ ይቆረቁራል፣ ያለ ልቅሶ ያነባል። አንገትና ዓይን ምን ያገናኛቸዋል ብለን ማንም ከእንቅርቱ ጋር አላያያዘው። አንዱ የዓይን ማዝ ነው ብሎ ቅባት ሰጠኝ። ጎረቤቴ ጴንጤዋ እጇን ጭና ጸለየችልኝ። የኛዎቹ ጸበል አመጡልኝ። ማንንም አላስቀየምኩም፤ ጸበሉን ጠጣሁ፣ ለጸሎቱ አሜን አልኩ፣ ቅባቱንም ተቀባሁ። ዓይኔም ማንንም ሳያስቀይም መውጣቱን ቀጠለ።

ገበያ ላይ አንዲት ከኡኬ ጎመን እያመጣች የምትሸጥ ደንበኛ አለችኝ። ልጅ ወልዳ፣ አዝላ መጣች። ላየው ጠጋ ስል፣ ሳታስበው ነጠላዋን ስባ ልጁን ሸፈነችው። ዓይኔን ፈርታ ነው። እንዲህ ያፈጠጠ ዓይን ሕፃን ይበላል ተብሎ ነው። አይዞሽ፣ በልቼ ነው የመጣሁት አልኳት። እሷም አፈረች፣ ሳቀች፣ ጎመኑን አበዛችልኝ። እኔም ስቄ ሄድኩ። ከዚያን ቀን ወዲያ ግን ሕፃን የያዘች ሴት ስትመጣ ቀድሜ ፊቴን አዞራለሁ። እነሱ ሳይሸፍኑብኝ እኔ ልሸፈን ብዬ።

ይህን ሁሉ ለእህቴ በስልክ አወራኋት። እሷ ደግሞ መቼ ታዝንልኛለች።

"በእንቅርት በልጬሽ ነበር፣ በዓይን በለጥሽኝ በይኛ!"

ስቀን ስቀን ሲያበቃ የኔ ደግሞ ልቤ ነው አለችኝ። እንደ ወፍጮ ሲንኳኳ ነው የሚያድረው። የኔኑ በሽታ እንደሆነ ገባኝ። ሐኪም ቤት ሂጂ፣ ኪኒን አለው፣ እኔን አድኖኛል አልኳት። የትኛው ሐኪም ቤት አለችኝ፤ የቅርቡ ከተዘጋ ቆየ፣ የሩቁ መንገድ የለውም።  ወዲያው ደግሞ ወደ ቀልዷ ተመለሰች።

"መንገዱ ሲከፈት እመጣለሁ። እስከዚያ ዓይንሽን ታከሚ። ታውረሽ ቆይተሽ በእጅሽ እየዳበስሽ ይቺ ማናት እንዳትዪኝ። እንቅርቴን ነው መጀመሪያ የምታገኚው፣ ያሳፍረኛል።"

እኔ ዓይኔን የፈለግኩት ለዚህ ነው። ለማንበብ አይደለም፣ ፊደል አልቆጠርኩ። መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገባልኝ ልጅ ቤት ሙሉ ነው። የእህቴ ፊት በስልክ አይመጣም።

ቀለም መሳት የጀመርኩት በርበሬ ስገዛ ነው። ዛላውን አገላብጬ፣ መርጬ፣ ተከራክሬ ገዛሁ። ቤት ስደርስ ልጄ ከፈተችና እማዬ ይሄ እኮ ሻግቷል፣ ግማሹ ጠቁሯል አለችኝ። አየሁት። ለኔ ሁሉም አንድ ነው፤ ቀዩም የሻገተውም እንደ ደረቀ አፈር ነው። በርበሬ ስገዛ የኖርኩ ሴት። እሷ ነጋዴዋን ስትረግም እኔ ቀስ ብዬ ጓዳ ገባሁና አንድ ዓይኔን በእጄ ከድኜ አየሁ፣ ሌላውን ከድኜ አየሁ። ቀይ የሚባል ነገር ከዓለም ወጥቷል።

የነቀምቱ የዓይን ባለሙያ በመብራት አየኝና ከዚህ በፊት ሲያዩኝ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀኝ፤ እንቅርቱን መቼ ታከምሽ አለኝ። ከዓይኑ ኋላ ያለው ሥጋ አብጧል፣ ብርሃን የሚያመጣውን ጅማት እየተጫነው ነው፤ መነሻው ያው የእንቅርቱ ሕመም ነው አለ። ይህ የጠብታ ነገር አይደለም፣ በዚህ በሽታ የሠለጠነ የዓይን ሐኪም ያስፈልጋል፣ ጅማ ሂዱ፣ ደግሞ አትዘግዩ። ጭስም ይከለከል፣ ስትተኛም ዓይኗ በቅባትና በጨርቅ ይሸፈን። አንገትና ዓይን ለካ ዘመድ ናቸው።

አትዘግዩ ማለት ቀላል ነው። መኪናው አንድ ቀን ይሄዳል፣ አንድ ቀን ይቆማል፤ መንገዱ ዛሬ ደህና ነው ሲባል ነገ ደህና አይደለም። ስንጠብቅ ስንጠብቅ የግራው ዓይኔ፣ እንደተከፈተ እያደረ ደርቆ፣ ቆሰለና ብልዝ ጣለበት። ከዚያ በግራ በኩል የሚመጣ ሰው ጉም ሆነብኝ።

በመጨረሻ መንገዱ ደህና ነው፣ ከነገ ወዲያ እንሄዳለን ተባለ። ያን ለታ ጠዋት ልጄ ስልክ ተደውሎላት ወጣች፣ ረፍዶ ተመለሰች። ድምጿ ተዘግቷል። ምን ሆነሻል ስላት ጉንፋን አለችኝ። ራሷን ጠምጥማለች፤ ከዚያ በፊት ያላየሁት ሻሽ መሰለኝ።

"አዲስ ነው ሻሽሽ? ምን ዓይነት ነው ቀለሙ?"

ሻሹን በእጇ ነካ አደረገችው። "ቀይ ነው እማዬ።"

በይ እንግዲህ፣ በዚህ ዕድሜሽ ቀይ ሻሽ፣ ጅማ እኔን ልታሳክሚ ነው ወይስ ሁለተኛ ባል ልትፈልጊ ነው አልኳት። ሳቀች። ስትስቅ ሰማኋት፣ መቼም ሳቅ ነበረ።

ያን ለታና በማግሥቱ ሰው መጣ። የባኬ ጃማ ጎረቤት፣ ከኪራሙ የተፈናቀሉ የኛ ሰዎች፣ የአማቼ ዘመዶች፣ ጴንጤዋም መጽሐፏን ይዛ። ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ከልጄ ጋር ቀስ ብለው ያወራሉ፣ እኔ ብቅ ስል ይነሳሉ፣ ጉልበቴን ይስማሉ። ሊሸኙኝ የመጡ መስሎኝ ኮራሁ። ሰው እንዲህ ይወደኛል እንዴ አልኩ። ልታከም ነው የምሄደው እንጂ ልሞት ነው እንዴ፣ ምን ያደርጋችኋል እንዲህ ተቆልምማችሁ መቀመጥ ብዬ ቀለድኩባቸው። አንዲቱ ብቻ ሳል አመካኝታ ፊቷን አዞረች። ለእህቴ መሄዴን ልንገራት፣ ደውሉልኝ አልኳቸው። አማቼ፣ ያ ድምፁ የማይሰማው፣ ጮክ ብሎ ኔትወርክ የለም ሃርሜ አለኝ። ውነት ነው፣ ኔትወርኩ ከሚኖርበት የማይኖርበት ይበዛል፤ አመንኩት።

እኔና ልጄ በበደሌ አድርገን ጅማ ገባን። ሆስፒታሉ አጠገብ ከአንዲት ሴትዮ ጠባብ ክፍል ተከራየን። ሲነጋ ወረፋ ያዝን። አንዱ ልጅ ግድግዳ ላይ ያለ ሰሌዳ እያሳየ ማንበብ ትችያለሽ እማማ አለኝ። ፊደሉንስ ዓይኔ ደህና እያለም አላየሁት አልኩት። ገልብጦ ሌላ አመጣ፤ ሦስት እግር ያለው በርጩማ ተሥሎበታል፣ አንዱ እግሩን ወደ ላይ ሰቅሏል፣ አንዱ በጎኑ ተኝቷል። እግሩ ወዴት እንደዞረ በእጄ እንዳሳይ ነው። የበርጩማ እግርስ አውቃለሁ። ትልልቆቹን አሳየሁት። ትንንሾቹ ጋ ስደርስ እኚህስ ተነስተው ሄደዋል አልኩት።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ የልጄ ታናሽ ብትሆን ነው። ደረቅ ናት፣ ቶሎ አትስቅም፤ በጣም አለፋችኝ። ዓይኔን ለካች፣ ቆቤን ገለበጠች፣ በብርሃን ወጋችኝ። መጨረሻ ላይ ከጠብታ ጠርሙስ ላይ ክዳን ነቀለችና በግራ ዓይኔ፣ ከዚያ በቀኜ አሳየችኝ። የዚህ ቀለም ምንድነው እማማ አለችኝ። ቡናማ ነው አልኳት፤ ትንሽ አስቤም እንደ ገል ነው አልኳት። እሷም ልጄም ዝም አሉ። ቀይ እንደነበረ ከዝምታቸው አወቅኩ።

"እማማ፣ አልደብቅሽም። ግራው ዘግይቷል። ቀኙ ግን ገና ነው፣ እንታገልለታለን።"

አልደብቅሽም ስትል ልጄ ወንበሩ ላይ ስትነቃነቅ ሰማሁ። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም። ኋላ ነው ትዝ ያለኝ።

በየሳምንቱ በደም ሥሬ መድኃኒት ይንጠባጠብልኝ ጀመር። እብጠቱን የሚያፈርስ ነው አሉኝ። ፊቴን ግን አሳበጠው፣ እንደ ድፎ ሆንኩ፤ ቀን እርቦኝ ማታ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። የግራ ዓይኔን ጥግ ደግሞ፣ ቆቡ እንዲገጥም፣ ሰፉት። ቀሚስ ሳሰፋ ነው የኖርኩ፣ ራሴ ስሰፋ ይህ የመጀመሪያዬ ነው አልኳት ሐኪሟን። ያን ለታ ሳቀች፣ መርፌውን አስቀምጣ ነው የሳቀችው።

ልጄ አልተለየችኝም። ጠብታውን በሰዓቱ ታደርግልኛለች፣ ስተኛ ቀኝ ዓይኔን በጨርቅ ታስርልኛለች፣ ምግብ ስትሰጠኝ እሷ የበላች አይመስለኝም። እኔ ደግሞ ሥራዬ እሷን መንቆር ነው። ሙሽሪት እላታለሁ። ሙሽሪት ውሃ አምጪ፣ ሙሽሪት ቀይ ሻሽሽ ተዛነፈ አስተካክዪው። ወረፋ ላይ ለተቀመጡት ሴቶች ሁሉ አወራለሁ፤ ይቺ ልጄ ቀይ ሻሽ አስራ የመጣችው የጅማን ወንድ ልታሳብድ ነው እላለሁ። ሴቶቹ አይስቁም። አንዲት የአጋሮ ሴት እጄን ይዛ ቀስ አድርጋ ጨበጠችኝ። የጅማ ሰው ቀልድ አያውቅም ብዬ ለልጄ አማኋቸው። ልጄም አዎ፣ አያውቁም አለችኝ። ሁሉም እያዩት፣ የማላየው እኔ ብቻ።

እህቴ ደወለች ወይ እያልኩ እጠይቃለሁ። ኔትወርክ የለም። አሁንም የለም። ገና ነው። እኔም ቀይ ዓይኔ ውስጥ ሲመለስ የምነግራትን ቀልድ አጠራቅማለሁ። በዓይን እበልጥሻለሁ ብዬሽ ነበር፣ አሁንስ ተሰፍቶ ተስተካክሎ መጥቷል ልላት ነው። ያን ቀልድ አሁንም ይዤዋለሁ።

ያ ቀን ያው እንደ ሌላው ቀን ነበር። መድኃኒቱ ተነቀለልኝ፣ ከሐኪሟ ፊት ተቀመጥኩ፣ ግራዬን ጋረደችና ያንን ክዳን አመጣች። አሁን ምን ዓይነት ነው አለችኝ።

ክዳኑ ቀይ ነበር። ትንሽ አመድ የነካው መሰለኝ እንጂ ቀይ ነበር፤ እንደ ዛላ በርበሬ። ቀይ ነው፣ አልኳት። ሐኪሟ ሌላ ነገር አመጣች፣ አረንጓዴ። ሌላ አመጣች፣ ቢጫ። ሁሉንም ጠራሁላት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝና ቀኙን አተረፍነው አለችኝ። ደስታዬን ለልጄ ልነግር ዞርኩ።

ሻሹ ጥቁር ነው።

ሻሹ ጥቁር፣ ቀሚሷም ጥቁር፣ ነጠላዋ ተዘቅዝቆ ጥለቱ አንገቷ ላይ ነው። እንዲህ ለብሳ ነው እፊቴ የከረመችው። እንዲህ ለብሳ ነው ሙሽሪት ስላት የሳቀችልኝ። ልጄ በደስታ እያለቀሰች ነበር፣ የኔን ዓይን አላየችም፤ ዓይኔ ሁልጊዜ ያፈጠጠ ስለሆነ ደንግጦ ያፍጥጥ አይታወቅም።

ማን ይሆን ብዬ አልተቸገርኩም። ባሏን ጠዋት በስልክ ሰምቼዋለሁ። ልጆቹን አንድ ባንድ ሰምቻቸዋለሁ። ሌላ ዘመድ ሞቶ ቢሆን ትነግረኝ ነበር፤ እኔ ከማን ሞት እሸሻለሁ። ከኔ የሚደበቅ ሞት አንድ ብቻ ነው። ድምፁ የጠፋ ሰውም አንድ ነው። ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም፣ አገሩ ነው፤ እኔም ለስንት በሽተኛ ደብቄያለሁ፣ ጎበዝ ደባቂ ነበርኩ። ሲደበቅብኝ አላወቅኩም።

ያየሁትን አልተናገርኩም። አንደኛ ለልጄ ብዬ ነው። ጡት ያጠባቻትን ሴት ቀብር ሳትቆም፣ ለቅሶ ሳትቀመጥ፣ ጉንፋን ነው ብላ እኔን ይዛ ወጥታለች። ያን ያህል የተሸከመችውን እኔ መንገድ ላይ ላስጥላት? ሁለተኛው ግን ለራሴ ነው። መርዶ ካልተነገረ ሰው ገና አልሞተም። ቤት እስክገባ፣ ሽማግሌዎቹ ጠዋት በሬን እስኪያንኳኩ፣ እህቴ ኪራሙ ላይ ከብቶቿን ታሰማራለች፣ ኔትወርክ የላትም። ያን ያህል ቀን ሰጠኋት።

ከጅማ ስንወጣ በመስኮት በኩል ቀይ ነገር ሁሉ እየመጣ ያልፋል። የሰው ጃንጥላ፣ የባጃጅ መጋረጃ፣ በየደጁ የተሰጣ ቡና፣ ገና ያልደረቀው እሸቱ። ተመልሶ የመጣ ቀለም እንዲህ ይበዛል ብዬ አላሰብኩም። ላየው አልፈለግኩም፣ ዓይኔ ደግሞ አይጨፈን። ልጄ ምን ታያለሽ እማዬ አለችኝ። ልትጠራጠር ነው ብዬ ፈራሁ።

"ቀይ ሻሽሽን ነዋ፣ ሙሽሪት" አልኳት።

ከቀለድኩት ቀልድ ሁሉ እሱ ከበደኝ። እሷ ግን ሳቀች፣ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችና እስከ በደሌ ተኛች።

ነቀምት ገባን፣ ልጆቹ ዘለሉብኝ፣ ትንሿ የተሰፋውን ዓይኔን በጣቷ ነካ አድርጋ አኮ ዚፕ ተገጠመላት አለች። ሁሉም ሳቀ። እኔ ሰው ሁሉ የለበሰውን አየሁ፤ አማቼ እንኳ፣ በነሱ ቤት ጥቁር አይለበስም፣ ጥቁር ሹራብ አጥልቋል። ማታ በደንብ በላሁ። ልጄ ዓይኔን ስታስርልኝ ጨርቁን ሁለት ጊዜ ፈትታ አሰረችው፤ መርዶው ነገ እንደሆነ ከእጇ አወቅኩ።

ገና ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ጨርቁን ፈታሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ደጅ የእግር ድምፅ መጣ፣ ብዙ እግር፣ ቀስ ያለ። መርዶ የሚያረዳ ሰው እግር ይታወቃል፣ እንደማይፈልግ ነው የሚራመደው። ገቡ። ከኪራሙ የመጣው ሽማግሌ፣ ሁለት የኛ ሰዎች፣ የአማቼ አጎትም አብሮ። አካም ቡልታኒ አሉ፣ እንዴት አደራችሁ አሉ፣ ተቀመጡ። ስለ መንገዱ ጠየቁኝ፣ ስለ ዓይኔ ጠየቁኝ። ደህና ነው፣ አያለሁ አልኩ። ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠረገ። ልጄ በሩ ጋ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

"ልጄ፣ ነይማ እስቲ። ያን ቀይ ሻሽሽን አምጪልኝ።"

 ሽማግሌው ከንፈሩን እንደከፈተ ቀረ። ልጄ ቀስ ብላ መጣችና እፊቴ ተንበረከከች፣ ሻሹን ፈታችው። ከሥሩ ፀጉሯ የለም፤ እንደ ወንድ ልጅ ተላጭታለች፣ ራሷ ትንሽ ሆኗል፣ እህቴ አዝላ ትዞር የነበረችው ያች ሕፃን ራስ ነው። እጄን ጫንኩበት።

"ሙሽራ እንዲህ ትላጫለች እንዴ" አልኳት።

እሷ ጉልበቴ ላይ ወድቃ፣ ይህን ሁሉ ሳምንት የያዘችውን አወጣችው። እኔ ሻሹን ራሴ ላይ አሰርኩ። ሽማግሌው አሁንስ ምን ልበል ብሎ አየኝ። በል ተናገር አልኩት፤ እህቴ ሳይነገርላት የምትቀር ሰው አይደለችም፣ ከመጀመሪያው ጀምረህ በሙሉ ንገረኝ። ነገረኝ። ልቧ ነው። ከብት ስታስገባ ልቧ አልቆም ብሎ በረቱ በር ላይ ቁጭ እንዳለች። ሐኪም ቤት ሊወስዷት ቃሬዛ ሲያበጁ።

ሁለት ዓመት ያለ ሥራው ሲያነባ የከረመ ዓይን ያን ጠዋት ደረቀብኝ። ጠብታው ከአልጋው ራስጌ ነበር። ልጄ እያለቀሰች ተነስታ፣ ሰዓቱ ነው ብላ፣ ቀና አድርጋኝ አንድ ጠብ አደረገችልኝ።